ሂፕኖሲስን መማር የፈለጉ አንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ስለ ሂፕኖሲስ የሚያስተምሩ ቪዲዮዎችን ስከታተል ቆይቻለሁ፤ ራሴን ለማረጋጋትም ሞክሬዋለሁ። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ፈተናው በቀረበ ቁጥር እንቅልፍ እያጣችና ልቧ እየመታ ስለምትቸገር እንድረዳት ትጠይቀኛለች። አንድ ጓደኛዬም ሲጋራ አስተወኝ እያለ ይወተውተኛል። እናታችን ግን ነገሩን ከአፍዝ አደንግዝ ለይታ ስለማታየው በጣም ትፈራለች። በእስራኤል የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ደግሞ እዚያ አገር ያለ ፈቃድ መሥራት በሕግ እንደሚያስጠይቅ ነገረኝ። ሰው ሳይጎዳ መማር ይቻላል? እህቴ ባትነቃስ? ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ጥያቄዎን ሰው ላይ ከመሞከርዎ በፊት ማቅረብዎ ያስመሰግንዎታል። መማር ይቻላል፤ እህትዎ ከፈተና በፊት እንድትረጋጋ መርዳትም ከአቅምዎ በላይ አይደለም። የጓደኛዎ ሲጋራ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ኋላ እመለስበታለሁ። ከሁሉ አስቀድመው እንዲይዙልኝ የምፈልገው፣ በዚህ ሥራ የአድማጩን ደኅንነት የሚጠብቀው ተናጋሪው ለራሱ ያበጀው ወሰን መሆኑን ነው። ምን እንደሚናገር ከማወቁ ይልቅ ምን እንደማይነካ ማወቁ ይበልጣል።

በሂፕኖሲስ ውስጥ ያለ ሰው እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ራሱንም አልሳተም። ትኩረቱ በአንድ ነገር ላይ ስለተሰበሰበ በዙሪያው ያለው ሁሉ ደብዝዞለታል፤ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሳለም የሚሰጠውን ጥቆማ ከወትሮው በቀለለ መንገድ ይቀበላል። ነገር ግን ይሰማል፣ ያስባል፣ ያልወደደውንም ይተዋል። በሚያነበው መጽሐፍ ተመስጦ መውረጃው ያለፈው የታክሲ ተሳፋሪ ከዚህ ሁኔታ ብዙም የራቀ አይደለም። የመመሰጥ ችሎታ ከሰው ሰው ይለያያል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዋይዘንሆፈርና ሂልጋርድ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጡት መለኪያና ከዚያ ወዲህ በተዘጋጁት ሲታይ፣ ከመቶ ሰው ከ10 እስከ 15 የሚሆነው በጥልቀት የሚመሰጥ ነው፤ ያንኑ ያህል የሚሆነው እምብዛም አይመሰጥም፤ የቀረው አብዛኛው ሰው መካከል ላይ ይገኛል። ስለዚህ እህትዎ ምንም ባይሰማት ጥፋቱ የእርስዎም የእሷም አይደለም፤ ደጋግሞ በመጫን የሚገኝ ነገርም የለም።

እናትዎ የፈሩት፣ ሰው ሳይወድ ፈቃዱ ተነጥቆ የሚታዘዝበትን ነገር ነው። ሂፕኖሲስ እንዲህ ያለ ኃይል የለውም፤ ያልፈለገን ሰው ወደ ተመስጦ ማስገባት አይቻልም። ቢሆንም ፍርሃታቸውን አቅልለው አይመልከቱት። ዘና ያለና ተናጋሪውን የሚያምን ሰው የሚነገረውን ሁሉ በወትሮው ጥንቃቄ አያበጥርም፤ ይህን እምነት ያለ አግባብ የተጠቀሙበት ሰዎች ከጥንትም ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። ለእናትዎ ከሁሉ የተሻለው መልስ ልምምዱ ሲካሄድ በክፍሉ ውስጥ እንዲቀመጡ መጋበዝ ነው። ለጀማሪ እንዲያውም እንደ ደንብ ሊያዝ ይገባል፦ በሩ አይዘጋ፣ ሦስተኛ ሰው ይኑር፣ አካል አይነካ።

ስለ መንቃት የጠየቁትን ለመመለስ አንድ አሮጌ ታሪክ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1784 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የኬሚስትሪው ሊቅ ላቩዋዚዬ የሚገኙበት አጣሪ ጉባኤ አቋቁሞ ነበር። እንዲጣራ የተፈለገው ፍራንዝ አንቶን ሜስመር የተባለው ሐኪም የእንስሳት ማግኔት ብሎ የሰየመው፣ ከሐኪሙ ወደ ሕመምተኛው ይፈስሳል የተባለለት ኃይል ነው። በፓሪስ አጠገብ ፓሲ በሚገኘው የፍራንክሊን ግቢ የሜስመር ተከታይ የነበረው ሐኪም ዴስሎን በአንዱ ዛፍ ላይ ይህን ኃይል አሳደረበት ተባለ። ከዚያም ዓይኑ የተሸፈነ የ12 ዓመት ልጅ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተመራ እያንዳንዱን እንዲያቅፍ ተደረገ። ልጁ ኃይል አለበት ከተባለው ዛፍ ሳይደርስ፣ ምንም ያልተደረገበትን አራተኛውን ዛፍ እንዳቀፈ ራሱን ስቶ ወደቀ። ጉባኤውም የሚፈስስ ኃይል እንደሌለ፣ ልጁን የጣለው የራሱ ምናብ እንደሆነ ደመደመ። ስኮትላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጄምስ ብሬድ እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ ሂፕኖቲዝም የሚለውን ስያሜ ሲያስተዋውቅ፣ ከዓይን ጥቂት ራቅ አድርጎ ከግንባር ከፍ ያለን አንድ ነገር አተኩሮ በማየት ብቻ ያው ሁኔታ ሊፈጠር እንደሚችል አሳይቷል።

ይህ ታሪክ ለጀማሪ የሚጠቅመው፣ ልጁን የጣለው የጠበቀው ነገር መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። እህትዎም የምትጠብቀውን ታገኛለች። «ካልተጠነቀቅሁ ላትነቂ ትችያለሽ» ብሎ በቀልድ እንኳ የተናገረ ሰው ፍርሃቱን ራሱ ተከለባት ማለት ነው። በሂፕኖሲስ ውስጥ ቀርቶ ያልተመለሰ ሰው የለም። እርስዎ በመካከሉ ንግግርዎን አቋርጠው ቢወጡ፣ ጥቂት ቆይታ ዓይኗን ትገልጣለች፤ ደክሟት ከሆነም እንቅልፍ ይወስዳትና እንደማንኛውም ተኝታ እንደነበረች ሰው ትነቃለች። የሚያሳስበው መንቃቷ ሳይሆን አነቃቁ ነው። ተጣድፎ የተነቃ ሰው ራሱን ሊያመው፣ ሊያዞረው፣ ለጥቂት ሰዓት ሊደነዝዘው ይችላል። በዚያ ሁኔታ መንገድ ማቋረጥ ወይም መኪና መንዳት አደጋ አለው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ ማንን እንደማይሞክሩ ይወቁ። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ወይም ከዚህ ቀደም ከእውነታ ያራቀው የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው፣ በጽኑ ድባቴ ውስጥ ያለ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ በቅርቡ ከባድ ሐዘን ወይም ጥቃት የደረሰበት፣ መጠጥ የጠጣ ወይም ጫት ላይ የዋለ ሰው ለጀማሪ አይደለም። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በሐኪም እጅ በሂፕኖሲስ ሊረዱ ይችሉ ይሆናል፤ እርስዎ ግን ሐኪም አይደሉም። እህትዎ 18 ዓመት ካልሞላት የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል። የልብ ምቷና እንቅልፍ ማጣቷም ከፈተና ጭንቀት ብቻ የመጣ መሆኑን ሐኪም ቢያይላት መልካም ነው፤ የደም ማነስም ሆነ የእንቅርት እጢ ችግር ልብ እንዲመታ ያደርጋልና።

ቀጥሎ የሚፈጸመው ነገር ሁሉ አስቀድሞ ይነገራታል። ዓይኗን ጨፍና እንደምትቀመጥ፣ እርስዎ ምን እንደሚሏት፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ትወቅ። ማቆም ስትፈልግ የቀኝ እጇን አመልካች ጣት ብታነሣ ወዲያው እንደሚያቆሙ ይንገሯት፤ አንድ ጊዜም በሙከራ ታንሣና እርስዎም ዝም ይበሉ፣ ምልክቱ እንደሚሠራ በዓይኗ ትየው። ከዚያ ምን እንደሚያስፈራት፣ ምን እንደሚያሳርፋት ይጠይቋት። ይህን ጥያቄ ብዙ ጀማሪዎች ይዘልሉታል፤ እኔ ግን ከሥራው ሁሉ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው። ከውጭ የተቀዱ ድምፆች ሁሉ ማለት ይቻላል «ጸጥ ባለ ባሕር ዳርቻ ላይ ተኝተሃል» ይላሉ። በጀልባ ወደ የመን የተሻገረ ወይም ወንድሙን በሜዲትራኒያን ያጣ ወጣት ይህን ሲሰማ የሚታየው ማረፊያ አይደለም። አሳንሰር የሚያስፈራው ሰው አለ፤ ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ ጨለማ የሚመስለው ሰው አለ። የማረፊያውን ስፍራ ራሷ ትምረጥ፤ የአያቷ ግቢ ሊሆን ይችላል፣ የቤተ ክርስቲያን አጸድ ሊሆን ይችላል፣ የሐዋሳ ሐይቅም ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ልምምድ ከ15 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። ጀርባዋን ደግፋ ትቀመጥ፤ እግሯን አታቆላልፍ። ከዓይኗ ጥቂት ከፍ ያለ የግድግዳ ነጥብ ትመልከት። እርስዎም ዝግ ባለ የወትሮ ድምፅዎ የሚሆነውን ተከትለው ይናገሩ፦ «ነጥቡን እያየሽ ነው፤ ትንፋሽሽ ሲገባና ሲወጣ ይሰማሻል፤ ዓይንሽ ሲደክምሽ፣ ራስሽ ስትፈልጊ፣ ትጨፍኚዋለሽ።» ከዚያ ከግንባር እስከ እግር ጣት የሰውነቷን ክፍሎች በየተራ እየጠሩ እንዲላሉ ይጋብዙ፤ ከ10 ወደ 1 በቀስታ ይቁጠሩ፤ ወደ መረጠችው ስፍራ ትሂድ። ከዚህ በኋላ የሚሰጡት ጥቆማ አጭር፣ እውነት የሆነና ስለምትፈልገው ነገር የሚናገር ይሁን። «ከእንግዲህ ከቶ አትፈሪም» የሚለው በመጀመሪያው ድንጋጤ ፈርሶ ልጅቱን ይባስ ያሳፍራታል። «የጥያቄ ወረቀቱን ስትቀበዪ ሁለቱን እግሮችሽን መሬት ላይ ታደርጊያለሽ፤ ሦስት ጊዜ በረጅሙ ትተነፍሻለሽ፤ ትከሻሽ አሁን እንደ ላላው ይላላል፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ጥያቄ ታነቢያለሽ» የሚለው ግን ልትፈጽመው የምትችለው ነገር ነው።

ለሙከራ እጇ እንደከበደ ጠቁመው ከነበረ ሳያነሡት እንዳያልፉ። «እጅሽ አሁን እንደ ቀድሞው ቀላልና የምታዥው ነው» ብለው ይንገሯት፤ ታንቀሳቅሰውም። ሊቆይ ከሚገባው የመረጋጋት ጥቆማ በቀር በልምምዱ የሰጡት ሁሉ በስሙ እየተጠራ መነሣት አለበት። ሲያነቁም ከ1 እስከ 5 እየቆጠሩ በየቁጥሩ ትንፋሽ፣ ጣት፣ ትከሻ፣ ከዚያም ዓይን እንዲነቃ ያድርጉ። ውኃ ይስጧት፤ ስምና ቀን የመሰለ ተራ ነገር እያወሩ ጥቂት ይቆዩ። «አሁንም ደንዘዝ ይለኛል» ካለች ዓይኗን አስጨፍነው ቆጠራውን እንደገና ዝግ ብለው ይድገሙት።

በመካከሉ ብታለቅስስ? እንባ ሁልጊዜ የመጥፎ ምልክት አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ የተወጠረ ሰው ሲላላ ያለቅሳል። ጀማሪ ሊያደርገው የማይገባው ነገር «ምን ታየሽ? ወደዚያ ግቢ፣ ንገሪኝ» እያለ መቆፈር ነው። አያናውጧት፣ አይጩኹባትም። በዚያው ድምፅ «እዚህ እኔ ጋ ነሽ፤ ቤታችን ነሽ፤ ወንበሩን በጀርባሽ ታገኚዋለሽ፤ ያየሽው ካለ እዚያው ተዪውና ቀስ ብለሽ ዓይንሽን ግለጪ» ይበሏት። ከነቃች በኋላ ልታወራ ከፈለገች ያዳምጧት፤ ካልፈለገች አይጠይቋት። የቆየ ጥቃት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከነገረችዎ ልምምዱ በዚያ ያብቃና በቅርብ ባለው ሆስፒታል ወደ አእምሮ ጤና ክፍል አብረዋት ይሂዱ።

እህትዎ በምትፈተንበት ስፍራ እርስዎም የሉም፣ ስልክም የለም። ስለዚህ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ልምምድ በኋላ ድምፅዎን እየቀነሱ እሷ ራሷን እንድትመራ ያድርጓት። እርስዎ ከሌሉ የማትረጋጋ ከሆነች ጥገኝነት አስተማሯት ማለት ነው።

ወደ ጓደኛዎ ስመጣ፣ ማረጋጋትና ማከም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የሕክምና ማስረጃዎችን የሚገመግመው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምገማ፣ ሂፕኖሲስ ሲጋራ ለማስተው ከሌሎች ዘዴዎች ይበልጣል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። «አስተውሃለሁ» ብለው ቃል አይግቡለት። ከዚህ በተቃራኒ ማስረጃው ጠንከር ያለባቸው ጉዳዮች አሉ። በማንችስተር ሐኪሙ ፒተር ዎርዌልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት፣ አይ ቢ ኤስ በሚባለው ሆድ እየቆረጠና እየነፋ በሚመላለስ የአንጀት ሕመም የሚሠቃዩ ሰዎች በሂፕኖሲስ ጉልህ መሻሻል አሳይተዋል፤ መድኃኒት ላልረዳቸው የዚህ ሕመም ተጠቂዎችም ዛሬ በብሪታንያ የሕክምና መመሪያ ውስጥ ይገኛል። በቤልጂየሟ ሊዬዥ ከተማ የሰመመን ሐኪሟ ማሪ ኤልሳቤት ፌሞንቪል እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሂፕኖሲስን ከአካባቢ ማደንዘዣና ከቀላል ማረጋጊያ ጋር እያዋሐደች በሺህ የሚቆጠሩ ቀዶ ሕክምናዎችን አግዛለች። ይህን ሁሉ የሠሩት አስቀድመው ሐኪም የሆኑ ሰዎች ናቸው፤ ሕመሙን ሳያውቁ ሕመሙ እንዳይሰማ ማድረግ ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ የደረሰን ሰው «ቀለለኝ» አሰኝቶ ቤቱ ማስቀመጥ ሊሆን ይችላል።

የአክስትዎ ልጅ የነገረዎም ትክክል ነው። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው ሕግ ሂፕኖሲስን የሚሠራው ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ሆኖ በተጨማሪ ፈቃድ ያገኘ ሰው ነው። በብዙ ሌሎች አገሮች ሕጉ እንዲህ ጥብቅ አይደለም፤ ይሁንና በአሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም በሚልተን ኤሪክሰን መሪነት እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተው የአሜሪካ የክሊኒካዊ ሂፕኖሲስ ማኅበር ሥልጠና የሚሰጠው ለጤና ባለሙያዎች ነው። እርስዎም ይህን እንደ ሙያ ሊይዙት ካሰቡ፣ በሁለት ቀን ሥልጠና በኢንተርኔት ከሚሸጥ የምስክር ወረቀት ይልቅ የሥነ ልቦና ወይም የነርስነት ትምህርት ይቅደም። በቤት ውስጥ ለቤተሰብ መረጋጋት ለሚያደርጉት ግን ከላይ ያልሁት ወሰን ይበቃዎታል።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ነው የምጽፍላችሁ። በቅርቡ የእናቴ ወርቅ ከቤታችን ጠፋ። እናቴ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ማን እንደገባና እንደወጣ ግን አታስታውስም። ሂፕኖሲስ የተማረ ጎረቤታችን «የረሱትን አስታውሳቸዋለሁ» ይላል። እኛ የምንጠረጥረው በቤታችን የምትሠራውን ልጅ ነው። ብናስሞክር ምን ይመስላችኋል?

መልስ፦ የተከበሩ እህታችን፣ አጥብቄ እለምንዎታለሁ፣ አታድርጉት። ትውስታ የተቀዳ ፊልም ስላልሆነ በሂፕኖሲስ ወደ ኋላ ተመልሶ አይታይም። ሰው ባስታወሰ ቁጥር የቀረውን ፍርፋሪ ከግምት ጋር አጣምሮ እንደ አዲስ ይሠራዋል፤ በተመስጦ ውስጥ ደግሞ ግምቱ ይበዛል፣ የገመተውንም እንደ እውነት የማመን ዝንባሌው ይጨምራል። ጎረቤታችሁ «በሩን የከፈተችው ልጅ ምን ለብሳ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ እናትዎ ልብሱን ያዩታል፤ ቀሚሱ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ጭምር ይናገራሉ። ልጅ መኖሯን ግን ያመጣው ጥያቄው ነው።

ይህ ያለ ሂፕኖሲስም ይሆናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት የመኪና ግጭት ፊልም ያዩ ሰዎች ስለ ፍጥነቱ ተጠየቁ፤ «ሲላተሙ» በሚል ጠንካራ ቃል የተጠየቁት «ሲነካኩ» በሚል ለስላሳ ቃል ከተጠየቁት የበለጠ ፍጥነት ገመቱ። ከሳምንት በኋላ ተመልሰው ሲጠየቁም በፊልሙ ያልነበረ የተሰበረ መስታወት አይተናል ያሉት በጠንካራው ቃል በተጠየቁት ዘንድ በዝተው ተገኙ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 በሂፕኖሲስ ትውስታው የተቀሰቀሰ ምስክር ስለዚያው ጉዳይ የሚሰጠውን ቃል ላለመቀበል የወሰነው በዚህ ምክንያት ነው።

እናንተ አስቀድማችሁ የጠረጠራችኋት ልጅ አለች፤ ጎረቤታችሁም ይህን ያውቃል፤ እናትዎም ያውቃሉ። ከዚህ በኋላ የሚወጣው «ትውስታ» የማን እንደሚሆን ከወዲሁ መገመት ይቻላል። ልጅቱ ንጹሕ ከሆነች ስሟንና እንጀራዋን ታጣለች፤ እናትዎም ያላዩትን እንዳዩ አምነው ይኖራሉ፣ ያንን ከልባቸው ማውጣትም ቀላል አይሆንም። ጉዳዩን ለፖሊስ አመልክቱ። እናትዎ የሚያስታውሱት ካለም ማንም ሳይመራቸው «ያን ዕለት የሆነውን ከጠዋት ጀምረሽ ንገሪኝ» ተብለው በራሳቸው ቃል ይናገሩ፤ እንዳሉትም ይጻፍ፤ የዘለሉትን ማንም አይሙላላቸው።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የሠርግና የምረቃ ዝግጅቶችን በመድረክ እመራለሁ። እንግዶችን በሂፕኖሲስ እያሳቅሁ ለማዝናናት ብማር ምን ይመስላችኋል?

መልስ፦ አልመክርዎትም። ለቀደሙት ጠያቂ የዘረዘርሁት ጥንቃቄ ሁሉ በመድረክ ላይ አይገኝም። ከእንግዶቹ መካከል የሚጥል በሽታ ያለበት ማን እንደሆነ አያውቁም፤ አብዛኛው ጠጥቷል፤ በአማቶችና በሽማግሌዎች ፊት መድረክ ላይ የወጣ ሰውም ማቆም ቢፈልግ ይሉኝታ ይይዘዋል። ጣቱን አንሥቶ «ይብቃኝ» ለማለት የማይደፍር ሰው ደግሞ ፈቀደ አይባልም። የተቀረጸው ቪዲዮም ከሠርጉ በኋላ በየስልኩ ሲዞር ይኖራል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣችው የሂፕኖቲዝም ሕግ እንዲህ ያለውን የመድረክ ትርዒት በአካባቢ አስተዳደር ፈቃድ ሥር አድርጋዋለች፤ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑትንም በሕዝብ ፊት መሞከር በዚሁ ሕግ ተከልክሏል። ሙሽሮቹ ከሠርጉ በፊት ባሉት ቀናት መረጋጋት ከፈለጉ፣ ያንን ብቻቸውን በሆኑበት ጸጥ ባለ ክፍል፣ በፈቃዳቸው፣ ከላይ በተጻፈው መንገድ ሊማሩት ይችላሉ።